ከሰሌዳው ያልጠፋው መልእክት

ነገሩ የጀመረው በፈረንጆቹ 2004፣ በመጋቢት ወር፣ አንድ ቅዳሜ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ነው። ሰዓቱን በእርግጠኝነት የማውቀው ያን ጊዜ ማስታወሻዬ ላይ ስለጻፍኩት ነው። ሰው ፊት ብዙ ስለማልናገር ነው መሰለኝ ሁሉን ነገር እጽፋለሁ።

ዴንቨር ውስጥ የኮምፒዩተር ሳይንስ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። የመመረቂያ ጽሑፌ ስለ ቀድሞዎቹ የማስታወቂያ ሰሌዳ ፕሮግራሞች ነበር። ኢንተርኔት በየቤቱ ከመግባቱ በፊት አንድ ሰው ኮምፒዩተሩን ከቤቱ ስልክ ጋር ያገናኝ ነበር። ሌላው ኮምፒዩተርን ከስልክ መስመር ጋር በሚያገናኝ ሞደም በሚባል መሣሪያ ይደውላል፣ የተለጠፈውን ያነባል፣ የራሱን ይጽፋል፣ ይዘጋል። እሱ ሳይዘጋ ሌላ ሰው መግባት አይችልም። የመጀመሪያውን ሰሌዳ የሠሩት ሺካጎ ውስጥ በበረዶ ምክንያት ቤት የዋሉ ሁለት ሰዎች ናቸው። ከዚያ በኋላ ሌሎች ሐሳቡን እየወሰዱ ለየራሳቸው ማሽን ጻፉት፤ ከመጽሔት ላይ እየገለበጡ፣ በፍሎፒ ዲስክ እየተቀባበሉ፣ አንዱ የቆረጠውን ሌላው እየቀጠለ። አስተማሪዬ «ስለ መጀመሪያው ሁሉም ሰው ጽፏል። ማንም የማያውቀውን አንድ ፈልጊ» ብሎኝ ነበር።

ይህንን አንድ እሑድ ከቸርች ስንመለስ መኪና ውስጥ ለአባቴ ነገርኩት።

«እንዴ! ጋሼ ሰሌዳ ነበራቸው እኮ» አለ። «እኛ ሁላችን እዚያ ነበር የምንጨቃጨቀው።»

ጋሼ የምንላቸው ኤርትራዊ ሽማግሌ ናቸው። ትምህርታቸውን በአማርኛ የተማሩ፣ አማርኛቸው ከአባቴ አማርኛ የሚበልጥ። ብዙ ዓመት ታክሲ ነድተው በመጨረሻ ከዴንቨር አጠገብ ባለችው ኦሮራ፣ ኦሪጅናል ኦሮራ በሚባለው አሮጌ ሰፈር፣ ከኮልፋክስ ጎዳና ገባ ብሎ፣ ትንሽ የስልክና የኮምፒዩተር ጥገና ሱቅ ከፍተው ነበር። አሮጌውን ማሽን ከሱቁ ጀርባ በብርድ ልብስ ጠቅልለው አስቀምጠውታል። «ነይና የምትፈልጊውን ኮፒ አድርጊ፤ እኔ ስሞት የሚጥለው እንጂ የሚያነበው የለም» አሉኝ።

ያን ቅዳሜ ማሽኑን መስታወት ባለው ባንኮኒ ጫፍ ላይ አስቀምጠው ሰኩልኝ። አረንጓዴ ጽሑፍ ብቅ ሲል ጋሼ እንደ ልጅ ሳቁ። ፕሮግራሙን ከአንድ አሜሪካዊ የታክሲ ደንበኛቸው በፍሎፒ አግኝተው ራሳቸው አስተካክለውታል። ማሽኑ የኛን ፊደል ስለማያውቅ አማርኛውን በላቲን ፊደል ነበር የጻፉት። ሌሎች ሰሌዳዎች ደዋዩን ስምህን አስገባ ሲሉት የጋሼ ሰሌዳ «ማን ልበል?» ይላል። የይለፍ ቃል የተሳሳተ ሰው «ተው እንጂ» ይባላል።

ስለ አባላቱ ሲያጫውቱኝ አንድ ነገር ገረመኝ። ብዙዎቹ አካውንቶች የአንድ ሰው አልነበሩም። በአንድ አፓርታማ አራት አምስት ሆነው የሚኖሩ ወንዶች በአንዱ ስም ይመዘገቡና የይለፍ ቃሉን ፍሪጅ ላይ ይለጥፉታል። ለየብቻ መመዝገብ ከጓደኛ መለየት ይመስል ነበር።

«ታዲያ ማን እንደጻፈው በምን ያውቃሉ?» አልኳቸው።

«በስድቡ» አሉ። «እያንዳንዱ የየራሱ ስድብ ነበረው።»

ፋይሎቹን አንድ በአንድ ወደ ፍሎፒ እየገለበጥኩ ቦርሳዬ ውስጥ አስገባሁ። አምስት ሰዓት ሊሆን ሲል የሱቁ በር ተከፈተና አንድ ሰውዬ ገባ።

ሰውዬውን አውቀዋለሁ። ኦሮራ ውስጥ የማያውቀው አልነበረም። ሃምሳ ዓመት የሚጠጋው፣ ሰፊ ትከሻ ያለው፣ መሀል ዴንቨር የመኪና ማቆሚያ ውስጥ የሚሠራ ሰው ነው። የግራ ዓይኑ ሰው ሠራሽ ነው። ታሪኩን ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል። ከአሥራ ሰባት ዓመት በፊት በሰሌዳው ላይ በእሱ ስም አንድ መልእክት ወጣ፤ አገር ቤት ሰው ይገርፍ የነበረ መርማሪ እዚሁ ኦሮራ ውስጥ እንደሚኖር፣ የትኛው ሕንፃ እንደሆነ ሳይቀር የሚናገር። በሦስተኛው ቀን ሦስት ሰዎች ከአፓርታማው ጀርባ መኪና ማቆሚያው ላይ ጠበቁት። የጎማ መፍቻ ብረት ይዘው ነበር። መጀመሪያ ጉልበቱን መቱት፤ ሲወድቅ ፊቱን። ጎድኖቹ ተሰበሩ፣ የፊት ጥርሶቹ አስፋልቱ ላይ ቀሩ፣ ዓይኑ ፈሰሰ። ሆስፒታል ሆኖ «እኔ አልጻፍኩም» አለ፤ ከዚያ በኋላም ሲል ኖረ። የመርማሪው ወገኖች ውሸታም አሉት። ስለ ጻፈ ያደነቁት ደግሞ ሲክድ ፈሪ አሉት። ገራፊው በወሩ ወደ ሌላ ስቴት ሄደ። የተመታው ግን እዚሁ ቀረ።

ሰውዬው የሚቀመጥበት ወንበር ጋሼ ሱቅ ውስጥ ነበረው። በየዓመቱ ዓይን ሐኪም ቤት የሚያመላልሱትም ጋሼ ናቸው።

«ጋሼ፣ ይሄን ሣጥን እስከ ዛሬ አልጣሉትም? ሙዚየም ሊከፍቱ ነው?» አለ እየሳቀ።

«ከከፈትኩ በመጀመሪያ አንተን ነው የማስገባው» አሉት።

«ዓይኔን ብቻ ያስገቡት፣ እሱ ነው ዋጋ ያለው።» ወደ እኔ ዞረ። «አንቺ የማን ልጅ ነሽ? የምትሠሪውስ ምንድን ነው?»

ነገርኩት። በዚያ ቀን ለምን ያን ያህል እንደተናገርኩ ዛሬም አልገባኝም። ሰው ሲጠይቀኝ አንገቴን የምደፋ ልጅ ስለምወደው ነገር ሳወራ አፌ ይፈታል። ፕሮግራሙ መልእክት እንዴት እንደሚያስቀምጥ ማስረዳት ጀመርኩ። «ከሁሉ የሚያስገርመው ደግሞ፣» አልኩ፣ «ዲሊት የተደረገ መልእክት አይጠፋም። ምልክት ብቻ ነው የሚደረግበት። ባለቤቱ ሌላ ማጽጃ ፕሮግራም ካላስኬደ በቀር ፋይሉ ውስጥ ይኖራል። እዚህ ደግሞ አንድም ቀን አልተጸዳም፤ ሁሉም አለ።»

ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ።

«የተደለተው ሁሉ?»

«አዎ። የደዋዮቹ ሎግም አለ።»

«ሎግ ምንድን ነው?»

«ማን፣ መቼ፣ በምን እንደገባ የሚመዘግብ ፋይል።»

ጋሼ «በቃ ልጄ፣ ዝጊው፣ አሮጌ ነው፣ ይቃጠላል» አሉና እጃቸውን ወደ መብራቱ ገመድ ሰደዱ። ሰውዬው ክንዳቸውን ያዘ።

«ለምን ይነቅሉታል?»

«ልቀቀኝ እንጂ፣ ሱቄ ነው።»

«ጠፍቷል አላሉኝም? ምንም የቀረ ነገር የለም አላሉኝም?»

«ጠፍቷል ብዬ ነው።»

«ታዲያ አሁን አለ ተባለ። እንየዋ!»

ጋሼ በነፃ እጃቸው ደረቱን ገፉት። ሰውዬው በቡጢ አፋቸውን መታቸው። ወደ ኋላ ሲሄዱ የባንኮኒው መስታወት ላይ ወደቁ፤ መስታወቱ ከሥራቸው ተሰበረ። ሊነሡ ሲሞክሩ ሰውዬው የሱቁን መዝጊያ የሚስቡበትን ረጅም ብረት ከግድግዳው አነሣና ክንዳቸውን መታው። ድምፁ ደረቅ ነበር፣ እንደ እንጨት። ሁለተኛው ምት መንጋጋቸው ላይ አረፈ። አፋቸው ወደ አንድ ወገን ዞሮ ቀረ፤ ደም ከአገጫቸው ወደ ሸሚዛቸው ይወርድ ጀመር።

ጮህኩ ብል ደስ ባለኝ። አልጮህኩም። ወንበሬ ላይ ነበርኩ፤ እጆቼ የኮምፒዩተሩ ቁልፎች ላይ ነበሩ።

ሰውዬው በጋሼና በእኔ መካከል ቆመ። የብረቱን ጫፍ ጋሼ አንገት ላይ አድርጎ በሌላ እጁ ማጅራቴን ይዞ ፊቴን ወደ ስክሪኑ ገፋው።

«አንብቢ።»

መልእክቱን ፈልጌ አገኘሁት። ጮክ ብዬ አነበብኩ። ድምፄ የሌላ ሰው ይመስል ነበር።

«ውስጥ እግሬን የገረፈኝ እሱ ነው። የኤሌክትሪክ ገመድ ነበር የሚጠቀመው። ስጮህ የራሴን ካልሲ አፌ ውስጥ ይጠቀጥቃል። ቆዳው ሲላቀቅ ጨው ውሃ ውስጥ ያስቆመኛል። አሁን ኦሮራ ውስጥ፣ ከፖስታ ቤቱ ፊት ለፊት ባለው ሕንፃ ይኖራል፤ ልጆቹን ትምህርት ቤት ሲያደርስ አይቼዋለሁ።»

«ተይ!» አለ። «ተይ! እኔ በሕይወቴ አንድ ቀን ታስሬ አላውቅም። አንድ ቀን! ይሄን የሚጽፍ የተገረፈ ሰው ነው። የትኛው ነው የተገረፈው? በዚያ አካውንት አምስት ነበርን።» ማጅራቴን ነቀነቀው። «ሎግ ያልሽውን አውጪ።»

አወጣሁት። በእያንዳንዱ መስመር ላይ የአካውንቱ ቁጥር፣ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ በመጨረሻም የሞደሙ ፍጥነት ይገኛል። በእሱ አካውንት በዚያ ሳምንት የተደወሉት ጥሪዎች ሁሉ ፍጥነታቸው 1200 ነው፤ ቤታቸው የነበረው ሞደም እሱ ነውና። አንዱ መስመር ብቻ የተለየ ነበር። ረቡዕ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት። የፍጥነቱ ቦታ ላይ ዜሮ ተጽፏል።

ዜሮ ምን ማለት እንደሆነ በዚያች ከተማ ከእኔና ከጋሼ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ዜሮ ማለት ማንም አልደወለም ማለት ነው። ያ መልእክት በስልክ አልመጣም፤ እዚያው ማሽኑ ፊት የተቀመጠ ሰው በገዛ ቁልፎቹ የጻፈው ነው። ማሽኑ ደግሞ ያኔ ጋሼ መኝታ ክፍል ውስጥ ነበር። የአባላቱን የይለፍ ቃል ሁሉ እሳቸው በፋይል ያዩት ነበር።

«ዜሮው ምንድን ነው?» አለኝ።

ጋሼ ከወለሉ ላይ አዩኝ። አልለመኑኝም፤ አፋቸው አይከፈትም። የብረቱ ጫፍ በጉሮሯቸው ላይ ጉድጓድ ሠርቶ ነበር።

«አልተመዘገበም ማለት ነው» አልኩ። «መስመሩ ሲቆራረጥ ፍጥነቱን አይዝም።»

«ታዲያ ማን ነው?»

«አይታወቅም። ሎጉ አይናገርም።»

ከዚያ ማጅራቴን ለቀቀና ብረቱን በሁለት እጁ አንሥቶ ማሽኑን መታው። የስክሪኑ መስታወት ፈንድቶ ቅንድቤን ቀደደው። ከወንበሬ ወድቄ በጉልበቴ ወደ ግድግዳው ዳኽኩ። እሱ ግን እኔን አላየኝም። ሣጥኑን ወለል ላይ ጥሎ ብረቱ እስኪጣመም ቀጠቀጠው፤ ዲስኩን በእጁ ቦጭቆ አውጥቶ በጫማው ረገጠው። የእጁ ቆዳ ተልጦ ነበር። ሲቀጠቅጥ ያለቅስ ነበር፤ ከሰው ሠራሹ ዓይኑም እንባ ይወርድ ነበር። ከዚያ ብረቱን ጥሎ ወጣ።

አምቡላንስ የጠራው የጎረቤቱ ፀጉር ቤት ባለቤት ነው። ፖሊስም መጣ። ጋሼ የአምቡላንሱ አልጋ ላይ ሆነው በምልክት ወረቀት ጠየቁና በእንግሊዝኛ «ወደቅኩ» ብለው ጻፉ። ፖሊሱ የተጣመመውን ብረት አየ፣ የማሽኑን ስብርባሪ አየ፣ ወደ እኔ ዞረ። እኔም ከጀርባ ክፍል ነበርኩ፣ ምንም አላየሁም አልኩ። ደም ከቅንድቤ ወደ አንገቴ እየወረደ ነበር። በአንድ ቀን ሁለተኛው ውሸቴ ነበር።

ቅንድቤ ከተሰፋ በኋላ፣ ምሽት ላይ፣ ሆስፒታል ገባሁላቸው። ክንዳቸው በጄሶ ታስሯል፣ መንጋጋቸው በሽቦ ተገጥሟል። ወረቀትና እስክሪብቶ ሆዳቸው ላይ ነበር። ከአልጋው አጠገብ ተቀመጥኩ። እንደ ልማዴ ከመጠየቅ ዝም ማለት ይቀለኝ ነበር፤ ግን ጠየቅኩ።

«ለምን በእሱ ስም?»

በግራ እጃቸው ስለሚጽፉ ረጅም ጊዜ ወሰደባቸው።

«የተገረፍኩት እኔ ነኝ። ሁለት ዓመት። በራሴ ስም ብጽፍ ኤርትራዊ ነው፣ ፖለቲካ ነው ይሉ ነበር። የእሱን አካውንት የመረጥኩት አምስት ስለሆኑ ነው። ማን እንደጻፈው አይለይም፣ አምስት ሰው አይመታም ብዬ።»

አነበብኩት። ደግሜ አነበብኩት። አምስቱም የይለፍ ቃሉን እንደሚያውቁት ሁሉም ሰው ያውቃል፤ ስለዚህ ማንም በአንዱ ላይ አይፈርድም ብለው ነው ጋሼ ያመኑት። በማግስቱ ፈርተው ሲያጠፉት ብዙ ሰው አንብቦት ነበር። የመጡት ሰዎች ደግሞ የፍሪጁን ወረቀት አልጠየቁም፤ የተጻፈውን ስም አዩ፣ ስሙ ያለውን ሰው ጠበቁ።

ወረቀቱን ገለበጡና ጀርባው ላይ ጻፉ። «ኮፒውን ጣዪው፣ ልጄ። ያለቀ ነገር ነው።»

«ለማን ነው ያለቀው?» አልኩ። ከአንድ ሽማግሌ ጋር እንደዚያ ተናግሬ አላውቅም። ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ስከት አዩኝ። ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ቤት ስገባ ፍሎፒዎቹ ቦርሳዬ ውስጥ ነበሩ። ማሽኑ ስለተሰባበረ ያ መስመር በዓለም ላይ ያለው እዚያ ብቻ ነበር። ብጥላቸው ጽሑፌ ይቀራል፤ እሱ ግድ አልነበረኝም። ያሳሰበኝ ሌላ ነው። ብናገር ሽማግሌው ሊሞቱ ይችላሉ። ዝም ብል ያ ሰው አራቱን የቀድሞ ጓደኞቹን እያሰበ ይቀራል፤ የሚቀጥለው ብረት በማን ላይ እንደሚያርፍ አላውቅም።

በማግስቱ እሑድ ጠዋት ቤተሰቤ ወደ ቸርች ሲሄድ ቅንድቤ የተሰፋበት ያመኛል ብዬ ቀረሁ። መልእክቱንና የሎጉን ገጽ ፕሪንት አደረግኩ። ሦስት ሰዓት ላይ ሰውዬው የሚኖርበት አፓርታማ ደረስኩ። ፓርክ አድርጌ ለትንሽ ጊዜ መሪውን እንደያዝኩ ተቀመጥኩ። ከዚያ ሁለተኛ ፎቅ ወጥቼ አንኳኳሁ።

በሩን ከፈተ። እጁን በወጥ ቤት ፎጣ ጠቅልሎታል። በትከሻዬ ላይ አሻግሮ ደረጃውን አየ።

«ፖሊስ ይዘሽ መጣሽ?»

«ብቻዬን ነኝ።»

«ሞተ?»

«አልሞቱም። መንጋጋቸውና ክንዳቸው ተሰብሯል።»

የበሩን ጠርዝ ይዞ ትንፋሹን ለቀቀ። «ፊትሽን ያቆሰልኩት እኔ ነኝ?»

«መስታወቱ ነው።» ወረቀቶቹን አወጣሁ። «ትናንት ዋሽቼዎታለሁ።»

ዜሮው ምን ማለት እንደሆነ ነገርኩት። ቀስ ብዬ፣ ምንም ሳልጨምር፣ ማሽኑ የት እንደነበረ፣ የይለፍ ቃሉን ማን ያይ እንደነበረ። መጨረሻ ላይ በግራ እጅ የተጻፈውን ወረቀት ሰጠሁት። ወደ ደህናው ዓይኑ አስጠግቶ አነበበው። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁ።

«አምስት ሰው አይመታም» አለ። «አይመታም! አንዱን መረጡ እንጂ።»

ከዚያ በተጠቀለለው እጁ ከጆሮዬ አጠገብ በሩን መታው። እንጨቱ ተሰነጠቀ፤ ፎጣው ቀላ። አልተንቀሳቀስኩም። መንቀሳቀስ ስላልቻልኩ ነው፤ ጀግንነት አልነበረም።

«ዓይን ሐኪም ቤት የሚወስደኝ ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ።»

«ስጠብቅ ጋዜጣ ያነብልኝ ነበር! የት ነው ያስተኙት?»

«አልነግርዎትም።»

«ደውዬ አገኘዋለሁ። ስንት ሆስፒታል አለ?»

«ያገኟቸዋል» አልኩ። «ግን አልነግርዎትም።»

ኮሪደሩ ላይ ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ። የእጁ ደም ሱሪው ላይ ይንጠባጠብ ነበር። ቆይቶ የሎጉን ገጽ ወደ እኔ ዘረጋው።

«ረቡዕ የሚለውን አንብቢልኝ። ስሜ ያለበትን።»

አነበብኩለት፤ የአካውንቱን ቁጥር፣ ቀኑን፣ ስምንት ሰዓትን፣ ዜሮውን።

«ስምንት ሰዓት ላይ ሥራ ላይ ነበርኩ» አለ። «ያን ቀን እስከ ማታ ሥራ ላይ እንደነበርኩ ያኔም ነግሬያቸዋለሁ። እኔ የምጽፈው ከሥራ በኋላ ነው ብዬ ነግሬያቸዋለሁ።»

«ወረቀቱ የእርስዎ ነው» አልኩት። «ለፈለጉት ሰው ያሳዩት።»

አጥፎ ሸሚዙ ኪስ ውስጥ ከተተው። ከዚያ በደህናው እጁ የመኪናውን ቁልፍ አወጣና ወደ እኔ ወረወረው። እግሬ ሥር ወደቀ።

«ያዢው» አለ። «ዛሬ ብጠይቅሽም እንዳትሰጪኝ።»

ቁልፉን አነሣሁ። ደረጃውን አልወረድኩም። ሦስት እርምጃ ርቄ ሰውዬው በሚያየኝ ቦታ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።